የኋላው ቁልፍ

ሲስተር ፖስታውን ባንኮኒው ላይ ገልብጣ ጉርድ ፎቶዎቿን እንደ መጫወቻ ካርታ ደረደረችና፣ "እስቲ እኔ የትኛዋ ነኝ?" አለች።

ፎቶ አንሺዋ ገና ፖስታው ሲከፈት ነገሩ ገብቷት ነበር። ቢሆንም ለወጉ አንዷን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። ነጭ ጋውን አለ፣ ፀጉር አለ፣ ፊት ሊሆን የሚችል ነገርም አለ። አፍንጫው የት እንደሚጀምር ግን የፊቱ ባለቤት ራሷ ብትጠየቅ አታውቅም።

"የመታወቂያ ክፍሉ ሰውዬ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? 'ሲስተር፣ ፎቶ አምጪ ስንልሽ ጥላሽን ይዘሽ መጣሽ' አለኝ። ተረኞቹ ሁሉ ሳቁብኝ።"

"በጣም ይቅርታ ሲስተር። ግቢ፣ አሁኑኑ ራሴ አነሳሻለሁ።"

"ራሴ" የምትለዋን ቃል ሲስተር ሰምታታለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጋሽ ጠብቅ ዛሬ አልመጣም ወይ ብላ ጠየቀች። ፎቶ አንሺዋ ቤት ነው አለቻት፤ ወንድሟ ከሌላ ከተማ መጥቶ ከእሱ ጋር ነው። ወንድሟ ነገ ጠዋት ይዞት እንደሚሄድ ግን አልነገረቻትም። ለሰው ከተናገረችው እውነት የሚሆንባት መሰላት።

ጋሽ ጠብቅ አባቷ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ ያገኘውም ከሥራው ነው። ሰውን በርጩማው ላይ አስቀምጦ፣ አገጭ ቀና አድርጎ፣ ኮሌታ አስተካክሎ ካሜራው ጀርባ ሲቆም "ጠብቅ" ይላል፤ ሴት ከሆነች "ጠብቂ"፣ ትልቅ ሰው ከሆነ "ይጠብቁ"። ሴት ልጁንም ሥራውን ያስተማራት በሦስት ቃላት ነበር፦ ንኪ፣ ጠብቂ፣ ጨርሺ። ማንሻውን በአመልካች ጣትሽ በስሱ ንኪው፤ ካሜራው ፊቱን እስኪያገኘው ጠብቂ፤ ሲያገኘው "ቲት" ይልሻል፤ ያኔ ጨርሺ። ከዚህ ሌላ ትምህርት የለኝም፣ የቀረው የዓይንሽ ጉዳይ ነው ይላት ነበር።

አሁን ግን ጋሽ ጠብቅ ብዙ ነገር እየጠፋበት ነው። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፤ ይሄ የማንም ወግ ነው ተብሎ ታለፈ። ቀጥሎ ከሻይ ቤቱ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፋው። ከዚያ ደግሞ ከሞተች የቆየችው ሚስቱ ዛሬ ለምን አመሸች እያለ በር በሩን ማየት ጀመረ። ሐኪሙ ይህ ነገር ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይሄድ፣ አንድ ቀንም እጁ ላይ እንደሚደርስ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል።

ወንድሟ ወደ እኔ ይምጣ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ሚስቴ ቤት ነው የምትውለው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ በሩም ይቆለፋል ይላል። "በሩም ይቆለፋል" የሚላት ነገር እህቱን ታንገበግባታለች። ስለዚህ ተከራክረው ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማሙ፦ አባታቸው ፎቶ ማንሳት እስከቻለ ድረስ ከእሷ ጋር ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ አብሯት ሱቅ ይገባል፣ ጉርዱን እሱ ያነሳል፣ እሷ ታትማለች። የውጭው ሥራ ከሰዓት በኋላ የእሷ ነው። ካሜራው ያው አንድ ነው።

ፎቶዎቹ መደብዘዝ ሲጀምሩ መጀመሪያ ደበቀች። አንዳንዱን በኮምፒውተር አጠራችው፣ አንዳንዱን ሰው "መብራቱ አስቸግሮን ነው" ብላ መልሳ አስቀመጠች። አንድ ቀን ይጠራል፣ ሦስት ቀን ይደበዝዛል። ባለፈው ሳምንት ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ያነሳው ሁሉ ጉም ሆኖ ሲወጣ ወጥታ በረንዳው ላይ አለቀሰች፣ ከዚያ ለወንድሟ ደውላ መጥተህ ውሰደው አለችው። የሲስተር ፎቶ ከዚያ ቀን ክምር ውስጥ ሳታየው ያመለጣት ነው።

ስቱዲዮው ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ሲስተር በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ግድግዳው ላይ ባለችው መስታወት ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። ፎቶ አንሺዋ ከካሜራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣቷ ያዝ፣ ማንሻውን በአመልካች ጣቷ ጫን አደረገች።

"ጨረስን።"

"አንቺ ደግሞ ፈጣን ነሽ" አለች ሲስተር። "ጋሽ ጠብቅ ያን ዕለት እንዴት እንዳደረገኝ ብታዪ። 'ጠብቂ' አለኝ፣ ጠበቅኩ። አፍንጫዬን በላኝ፣ እንዳላከው ፈራሁ። አሁንም 'ጠብቂ' አለኝ። ጣቱ ማንሻው ላይ ናት፣ ጆሮውን ወደ ካሜራው ዘንበል አድርጎ ቆሟል፤ የሆነ ሰው እንዲያናግረው የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። በኋላ ተስፋ ቆረጠ መሰለኝ፣ ጠቅ አደረገው።"

ፎቶ አንሺዋ ስክሪኑ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ጆሮውን ዘንበል አደረገ ነው ያልሽኝ?" አለች።

"አዎ። ምነው?"

ጉዱ እንዲህ ነው። ካሜራ አዲስ ሲገዛ ማንሻው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በስሱ ሲነኩት ፎከስ ያደርጋል፣ ማለትም ፊቱን ፈልጎ ያጠራል፣ እስከ ታች ሲጫኑት ያነሳል። "ቲት" የምትለው ድምፅ በሁለቱ መሃል ናት። ክረምቱ ሳይገባ ፎቶ አንሺዋ የአንድ ትምህርት ቤት የሩጫ ውድድር ስታነሳ መከራዋን በላች። ሯጯን ስትይዝ አንድ ወላጅ በፊቷ ያልፋል፣ ካሜራው ሯጯን ትቶ የወላጁን ጆሮ ያጠራል። "ዙም" የሚባል ቪዲዮ ቀራጭ ጓደኛዋ አይቷት ሳቀና መላ ነገራት፦ ፎከሱን ከማንሻው ላይ ቀምተሽ ከኋላ ላለችው ቁልፍ ስጫት፤ በአውራ ጣትሽ ትይዣለሽ፣ በአመልካች ጣትሽ ታነሻለሽ፣ አንዱ በሌላው ሥራ አይገባም። እዚያው ሜዳው ላይ ሜኑውን ከፍታ፣ የማንሻውን ፎከስ አጥፍታ፣ ለኋላዋ ቁልፍ ሰጠቻት። ፎከሱንም የሚንቀሳቀስ ሰው እንዲከተል አደረገችው። እንዲህ ሲከተል ድምፁ ስለሚጠፋ፣ ካሜራው ከዚያ ወዲያ "ቲት" ብሎ አያውቅም። አውራ ጣቷ ቶሎ ለመደና፣ ሌላ ዓይነት አሠራር እንደነበረም ረሳች።

ለአባቷ አልነገረችውም። ለእሱ አንድ ነገር መንገር ነገም ከነገ ወዲያም መንገር ስለሆነ፣ ሳይታወቃት ብዙ ነገር መንገር ትታ ነበር። በማግስቱ ያው ካሜራ እሱ እጅ ገባ። ሌንሱ እሷ በተወችበት ቦታ ቆሟል። ያ ቦታ ከበርጩማው ጋር ሲገጥም ፎቶው ይጠራል፣ ሳይገጥም ይደበዝዛል። እሱ ግን እንደ ደንቡ ይነካል፣ ይጠብቃል፣ ካሜራው ዝም ይላል።

"ሲስተር፣ አባቴ ደህና ነው" አለች ፎቶ አንሺዋ።

"ደህና ነው ስትዪ?"

"እጁ ማለቴ ነው። እጁ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካሜራውን የነካካሁት እኔ ነኝ።"

ጥፋቱን እንዲህ ፊቱ በርቶ የሚያምን ሰው ሲስተር አይታ አታውቅም። የተበላሹትን ፎቶዎች ሰብስባ ወደ ቅርጫቱ ጣለች፣ አዲሶቹን ተቀበለች። በሥራዋ ብዙ እንደ ጋሽ ጠብቅ ያሉ ሰዎችን ታያለች፤ ምን እንደሚሆኑም ታውቃለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ብዙ ግን አትጠብቂ እህቴ" ብላት ወጣች።

ፎቶ አንሺዋ ስልኳን አነሳች። ወንድሟ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፣ ነገር ማስረዘም አይወድም። ሻንጣ እያዘጋጀ እንደሆነና ሥራው እንዳላለቀ ነገራት፤ እሱ ያስገባል፣ አባታቸው ያወጣል። ካፖርቱንማ የሥራ ነው ብሎ ከእጄ አልለቅም ብሏል። እሷ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳችው። እስኪያልቅ ሰማትና፣ "ፍሬኑን ሌላ ቦታ ገጥመሽ ሹፌሩን መንዳት አይችልም አልሽው በይኛ" አለ።

"እንደሱ ነው ያደረግኩት።"

"እኔም እንዳንቺ አምኜ ሻንጣ ይዤ መጣሁ።"

"አምጣው። ቁልፉን እንደ ድሮው እመልሰዋለሁ። አንተን ያንሳህ፣ ፎቶው ከወጣ እኔ ጋ ይቀራል።"

"ካልወጣስ?"

"ይወጣል" አለች።

ሜኑውን ከፍታ ፎከሱን ለማንሻው መለሰችለት፣ ሰው መከተሉንም አጠፋችው። ከዚያ ባዶው በርጩማ ላይ የራሷን ቦርሳ አስቀምጣ በስሱ ነካችው። ቲት። ካሜራው ከስንት ጊዜ በኋላ አፉን ፈታ። ደጋግማ ነካችው፣ ደጋግሞ መለሰላት። ብቻዋን ሳቀች፣ ወለሉን ጠረገች፣ የአባቷን መጥረጊያ ጨርቅ አጥባ የመብራቱ ክንድ ላይ ሰቀለችለት። ነገ ጠዋት አብረው ከቤት ሲወጡ ታያት። ደስ አላት፣ ደስታዋ ግን የሚያቁነጠንጥ ዓይነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ አባቱን ክንዱን ይዞ ገባ። ጋሽ ጠብቅ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። የሱቁን ደፍ ሲረግጥ ክንዱን አስለቀቀና ቀጥ ብሎ ተራመደ፤ መጋረጃውን ገልጦ ገባ፣ መብራቱን አበራ፣ የመብራቱን ጃንጥላ ትንሽ ወደ ግራ ገፋ። ልጁን በእጁ በርጩማውን አሳየው።

"ተቀመጥ። ለመታወቂያ ነው?"

ወንድሟ እህቱን አያት። እሷ በዓይኗ እሺ በለው አለችው።

"አዎ፣ ለመታወቂያ ነው" አለ።

ጋሽ ጠብቅ አገጩን ቀና አደረገለት። ኮሌታውን አስተካከለ። ጆሮው ሥር የቀረች የግራሶ ጠብታ አይቶ በጨርቁ ጠረገለት፣ ፎቶ ልትነሳ ስትመጣ ፊትህን ታጠብ አለው። አንዲት ነገር አልዘለለም። ፎቶ አንሺዋ ግድግዳውን ተደግፋ እያንዳንዷን ነገር በልቧ ትከተላለች። አባቷ ካሜራው ጀርባ ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣቱን ማንሻው ላይ አኖረ።

"ጠብቅ" አለ።

ነካ።

ቲት።

ጋሽ ጠብቅ እንደተቃጠለ ሰው ጣቱን አነሳ። ካሜራውን አየው። ዞሮ ስልክ የተደወለ መስሎት ወደ መጋረጃው አየ። "ምንድነው?" አለ።

"ምንም አይደለም አባዬ። ቀጥል።"

እንደገና ጎንበስ አለ። "ጠብቅ" አለ። ነካው፣ ካሜራው መለሰለት፣ አሁንም ጣቱን አነሳ። "ይጮኻል" አለ። "ይሄ ነገር ለምን ይጮኻል?" በሦስተኛው ጊዜ ጣቱ ማንሻው አጠገብ ደርሳ ተመለሰች። ፈርቷል። ያን ሁሉ ጠዋት ጆሮውን አዘንብሎ የጠበቃት ድምፅ መጥታ አላወቃትም።

ፎቶ አንሺዋ ከግድግዳው ተላቀቀች። እሷ ስለቀማችው ነው የረሳት? ወይስ ድሮም ልትጠፋበት ቀኗ ደርሶ ነበር? ይህን ሐኪሙም አይነግራት፣ አባቷም አይነግራት። ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የምትኖረው ጥያቄ እንደሆነ እዚያው ቆማ ገባት።

ጋሽ ጠብቅ ከካሜራው ኋላ ወጣ። ፊቱ ድንገት የድሮው ፊቱ ሆነ፤ ሥራ ሲበላሽ የሚያሳየው፣ የተቆጣና ያፈረ ፊት። ልጁን ትክ ብሎ አያትና፣ "እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" አለ። በጣቱ ወደ ካሜራው አመለከተ።

"እሱ ነው አባዬ" አለች። "እኔ ነካክቼው ነው። ቆይ ላስተካክለው።"

"ሰው የሰው ዕቃ አይነካካም።"

"እውነትህን ነው። ሁለተኛ አልነካም።"

ወንድሟ በርጩማው ላይ እንዳለ አንገቱን ደፋ።

እሷ ሜኑውን ከፍታ ፎከሱን ከማንሻው ላይ ወሰደች፣ ለኋላዋ ቁልፍ መለሰችላት። ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። ሌንሱ እሷ በተወችበት ቦታ ላይ ይቆማል አይደል? በአውራ ጣቷ የወንድሟን ዓይን አጥርታ ያዘች፣ ጣቷን አነሳች፣ ካሜራውን ሳትነቀንቅ ዞር አለችለት። ጋሽ ጠብቅ ቦታው ገባ። ጠብቅ አለ፣ ነካ፣ ካሜራው ዝም አለ። ጠበቀ። ከዚያ ጠቅ አደረገው።

"ወጣ?" አለ።

ወጥቷል። ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ፊት ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን ከመቆሚያው ፈትታ ለወንድሟ አሳየችው፣ ሳታስበውም፣ "ጠዋት ጠዋት እኔ አስተካክዬለት ብወጣ..." ብላ ጀመረች። ልመና መሆኑ ለራሷም ተሰማት። ወንድሟ ፎቶውን አየ። መካኒክ ነውና ማን ምን እንደሠራ አልጠፋውም።

አባታቸው መሃላቸው ገብቶ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ፎቶውን እንደ ሥራ አዋቂ መረመረው፤ ጥላ እንደሌለበት፣ ዓይን እንዳልተጨፈነ። ረካ። ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን በደግነት አየው።

"ደህና ፊት አለህ" አለው። "የማን ልጅ ነህ?"

ወንድሟ፣ "የጋሽ ጠብቅ ልጅ ነኝ" አለ።

ጋሽ ጠብቅ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። "ስሙን ሰምቼዋለሁ" አለ።

የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ፎቶ አንሺዋ አልጨረሰችውም። ካሜራውን መቆሚያው ላይ መልሳ አሰረች። ወንድሟ በሹክሹክታ ጠዋት በጊዜ እንደሚነሱ ነገራት፣ እሷም ወፍራሙን ሹራብ እንዳይረሳ ነገረችው፤ እዚያ ይበርዳል። አባታቸው ጃንጥላውን ወደ ቀኝ ገፋ፣ መልሶ ወደ ግራ ገፋ፣ ቀጣዩ ማነው አለ።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔና እሱ፣ አብረን።"

በርጩማ ጎትታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። አባቷ መጥቶ አገጯን ቀና አደረገላት፣ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ገፋላት። እጁ እንደ ድሮው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ካሜራው ጀርባ ገባና ጎንበስ አለ።

"ጠብቁ" አለ።

ነካ። ካሜራው ምንም አላለም። ጋሽ ጠብቅ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ረስቶታል፤ መጠበቁን ግን አልረሳም። የመብራቱ ሙቀት ፊታቸው ላይ ነው። ከመጋረጃው ውጭ ሰው ሱቅ ገብቶ "አለ ሰው?" ብሎ ጠርቶ ወጣ። ጣቱ አልተንቀሳቀሰችም። ወንድሟ መቁነጥነጥ ጀመረ፣ ወደ እህቱም ጠጋ ብሎ፣ "ጨርስ እንበለው እንዴ?" አለ።

እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

"ተወው" አለችው፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ። "ይጠብቅ።"